ሃይድሮሊክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም፦ ስለ ሞተር ሳይክል ሊፍት ለተጻፈው መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

በቤት ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሳይክልን በሊፍት (በዘይት ግፊት፣ ማለትም በሃይድሮሊክ፣ ከፍ በሚል ጠረጴዛ) አንስቶ ስለ መጠገን የተጻፈ አንድ የአማርኛ መመሪያ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። መነሻው መልካም ነው። ጎማ ለመፍታት፣ ካቴና ለማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ ለመቀየር መሬት ላይ ተንበርክኮ ወገብ ከመጉዳት ሞተሩን እስከ ደረት ማንሳት ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ መካኒክ መሆን ግድ አይደለም። ጠንካራ ጫማ አድርጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩ፣ የፊት ጎማ መያዣ ሞርሳ የሌለው ሊፍት አትግዙ የሚሉት ምክሮቹም ትክክል ናቸው። የቀሩት ግን ወይ በግማሽ የተነገሩ ናቸው፣ ወይ ሰው ያቆስላሉ። በመመሪያው ቅደም ተከተል እየሄድን እንመልሳለን። የመቆለፊያውን ነገር ብቻ ከመሃል አውጥተን አስቀድመነዋል፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና።

መመሪያው ጤነኛ ሃይድሮሊክ ሞተሩን ራሱ ይዞ ስለሚቆም የመቆለፊያው ብረት የሚያስፈልገው ሞተሩ ሊፍት ላይ ሲያድር ብቻ ነው ይላል። ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። በሃይድሮሊክ ውስጥ ክብደቱን የያዘው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዙት ደግሞ አንዲት ትንሽ የቫልቭ ኳስና ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት (ፓራኦሊዮ) ናቸው። ኳሷ መቀመጫ ላይ የብረት ብናኝ ከገባ ሊፍቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይሄኛው እንኳ ደግ ነው፤ ሲወርድ ይታያል። ደግነት የሌላቸው ሁለቱ ናቸው፦ የቱቦ መፈንዳትና የእግር ስህተት። በብዙ የእግር ሊፍቶች ላይ የመጫኛው ፔዳልና የመልቀቂያው ፔዳል የሚራራቁት በአንድ ስንዝር ነው። ዓይኑ ቡሎን ላይ፣ እጁ ኪያቤ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው መልቀቂያውን ቢረግጥ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ሊፍቱን ከምትፈልጉት ከፍታ ትንሽ አሳልፋችሁ አንሱት። የመቆለፊያውን ብረት በሁለቱም ጎን ቀዳዳ አልፎ እስኪታይ ድረስ አስገቡት። ከዚያ መልቀቂያውን በቀስታ እየነካችሁ የመቀሱ (ጠረጴዛውን የሚያነሱት የተጠላለፉ ብረቶች) እግሮች ብረቱ ላይ እስኪያርፉ አውርዱት። መቀመጡን ለማረጋገጥ መልቀቂያውን አንዴ ደግማችሁ ርገጡ፤ ሊፍቱ ካልተንቀሳቀሰ ክብደቱ ከዘይት ወደ ብረት ተሻግሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፤ ብረቱን ያስገባና ሊፍቱን ከብረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በዘይት እንደተንጠለጠለ ይተወዋል። ዘይቱ ሲለቅ እነዚያ 3 ሴንቲ ሜትሮች ሞተሩ የታሰረበትን ቀበቶ (ቺንጋውን) የሚያላላ ድንገተኛ ምት ይሆናሉ። ለማውረድ ደግሞ መጀመሪያ በፓምፕ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ብረቱ በጣት የሚወጣ ሲሆን አውጡት። መዶሻ ካስፈለገ ክብደቱ ገና ብረቱ ላይ ነው። የጠፋውን መቆለፊያ በፌሮ ቁራጭ መተካትም አይሆንም፤ ፌሮ የተሠራው ኮንክሪት ውስጥ እንዲሳብ እንጂ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ተጋድሞ መቀስ እንዲሸከም አይደለም።

መቆለፊያ ራሱም በዓይን ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር የ3 እና የ6 ቶን ካቫሌቶዎቹን (የተነሳ መኪና የሚያርፍባቸውን ማቆሚያዎች) ከገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ የማምረቻው መሣሪያ ስላረጀ ጥርስ ላይ የሚቀመጠው መያዣ በአንዳንዶቹ ላይ በበቂ ጥልቀት ስለማይገባ ክብደት ሲያዝ ሊንሸራተት ይችል ነበር። ባለ ጥርስ መቆለፊያ ያለው ሊፍት ካላችሁ የ«ቀጭ» ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ጎንበስ ብላችሁ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እዩ።

አሁን ወደ መመሪያው ቅደም ተከተል እንመለስ። የመጀመሪያው ነጥቡ ስለ አቅም ነው፤ ሊፍቱ ላይ 450 ኪሎ ከተጻፈ 130 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሞተሮችን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል ይላል። ድምሩ 260 ነው፣ ሂሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጭነቱ መሃል ላይ ሲቀመጥ የሚሠራ ነው። የጠረጴዛው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን የአንዱ ሞተር መሪ ብቻውን ከዚያ ይሰፋል። ሁለቱን ብታጣብቁና አንዱን ብታወርዱ የቀረው 130 ኪሎ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በአገር ቤት መንገድ ላይ የሚበዙት ባለ 100 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች ከ110 እስከ 150 ኪሎ ቢሆኑ ነው፤ ለእነሱ የአቅም ጉዳይ እምብዛም አያሳስብም። ውጭ አገር ያላችሁና እንደ ጎልድ ዊንግ ያለ ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የያዛችሁ ግን ሳጥኑ፣ በውስጡ ያለው ዕቃ፣ ነዳጁና እላዩ ላይ የምትጭኑት ክሪክ ሁሉ እንደሚደመር አስቡ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው።

ወለሉን በተመለከተ መመሪያው ደረቅና ጠንካራ ይሁን ብሎ አልፏል። ደረቅነቱ ልክ ነው፤ የተረሳው ተዳፋቱ ነው። የጋራዥ ወለል ውኃ እንዲወጣ ወደ በር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። 2 በመቶ ተዳፋት በዓይን አይታወቅም። ግን ሊፍቱ በ75 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ የሞተሩ የክብደት ማዕከል ከወለሉ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በዚያ ከፍታ 2 በመቶው ማዕከሉን 2.6 ሴንቲ ሜትር ይገፋዋል። ይህ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢሆን ሁለት ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ይችለዋል። ወደ ጎን ሲሆን ነው ችግሩ። ስለዚህ ጠረጴዛው ርዝመቱ ከተዳፋቱ ጋር እንዲሄድ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በውኃ ልክ እየለካችሁ በማስተካከያ ቡሎኖቹ ጎኑን አስተካክሉ። ለመግፊያ የተሠሩት ትንንሽ ጎማዎችም ሊፍቱ ሲነሳ መሬት መንካት የለባቸውም። በኮብልስቶን ወይም በአፈር ግቢ ላይ ሊፍት አይቆምም፤ ከሥሩ ላሜራ መዘርጋት መስመጡን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዘንበል ማለቱን አያስቀርም።

ቀና ብላችሁም እዩ። ጠረጴዛው 75፣ ሞተሩ ከነመስታወቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 195 ነው፤ መስታወተ ንፋስ ያለው ደግሞ ከ2 ሜትር ያልፋል። በአሜሪካ የተለመደው የጋራዥ በር ከፍታ 213 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተከፍቶ ጣራው ሥር ሲተኛ ከሞተሩ አናት ጋር የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ነው። ሞተሩ ሊፍት ላይ እስካለ ድረስ የበሩን ኤሌክትሪክ ከሶኬት ንቀሉ። ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ ያለው ሌላ የቤት ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአወጣጡ ነገር ነው። መመሪያው ኢንጂኑን አስነስቶ በአንደኛ ማርሽ በፍሪሲዮን እያዳመጡ መውጣትን ይመክራል፤ መግፋት ያደክማል በሚል። ያደክማል፣ እውነት ነው። ግን ጠረጴዛው መጨረሻ ላይ ያለው ሞርሳ እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ የፍሪሲዮን እጀታ ከእጅ ቢያመልጥ ሞተሩ ሞርሳውን ዘሎ ይሄዳል። ኢንጂኑ ይጥፋ። አንድ ሰው በግራ በኩል መሪውን ይዞ፣ ሌላው ከኋላ እየገፋ ይውጣ። ጠረጴዛው ወርዶ እንኳ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው መሪ የያዘው ሰው ወይ መሬት ላይ ይቆያል ወይ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፤ መሃል መንገድ ላይ ሐሳብ ከለወጠ ነው ሞተሩ የሚወድቀው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ይወስን። የጎን መቆሚያውም ጠረጴዛው ላይ ማረፉን ቀድማችሁ ለኩ፤ በጠባብ ሊፍቶች ላይ እግሩ አየር ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለ መውረድ መመሪያው ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የፊት ፍሬን እየያዙ ወደ ኋላ ማውረድ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲወርድ የፊት ጎማው ሽቅብ፣ የኋላው ቁልቁል ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቀልሎ የቀረው የፊት ጎማ ፍሬን ቢያዝም ይንሸራተታል፤ የኋላውን ፍሬን ደግሞ መሬት የቆመ ሰው እግሩ አይደርስበትም። መላው ፍሪሲዮን ነው። ኢንጂኑ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይግባ። ፍሪሲዮኑን ስትጨብጡት ሞተሩ ይንከባለላል፣ ስትለቁት የኋላ ጎማው ይያዛል። በዚህ መንገድ ስንዝር በስንዝር ይወርዳል። ስኩተር ከሆነ የግራ እጀታው የኋላ ፍሬን ነውና በእሱ ያዙ።

ቺንጋን በሚመለከት መመሪያው ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የያዘው የሚጨመቅ ሹካ) ሙሉ በሙሉ እስኪቀመጥ ድረስ ወጥሩ ይላል። ብዙ ማሰር ብዙ ደህንነት ይመስላል። ሙሉ በሙሉ የተጨመቀ ፎርኬታ ግን የተጠመደ ወጥመድ ነው። ሥራ አልቆ አንዱን ጎን ስትፈቱ ሌላው ጎን ሞተሩን በሙሉ ጉልበቱ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ቺንጋውም መሪውንና የመሪውን መያዣዎች ያጣምማል። ከፎርኬታው እንቅስቃሴ ሲሶው ይበቃል፤ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 4። ለመለካት ቱቦው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ ሲወርድ ተመልከቱ። የፊት ሁለቱ ቺንጋዎች ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ውጭ በአንድ ጊዜ ይሳቡ፤ ከጎን ሲታዩ ግማሽ ቀኝ ማዕዘን ያህል ዘንበል ይበሉ። ሁለት ደግሞ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ መያዣ ላይ። መንጠቆው ቺንጋው ሲላላ እንዳይወልቅ መዝጊያ ምላስ ያለው ይሁን። ስትፈቱ በግራና በቀኝ እያፈራረቃችሁ ትንሽ በትንሽ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ይዞ። ቺንጋ ስትገዙ ትልቁን የመበጠሻ ቁጥር ሳይሆን የሥራ ጭነቱን አንብቡ፤ በሰሜን አሜሪካ ምርቶች ላይ የሥራ ጭነቱ የመበጠሻው ሲሶ ነው።

ሞርሳው ካለ ቺንጋ ትርፍ ነው የሚል ሐረግም በመሃል ሾልኮ ገብቷል። ሞርሳው የያዘው ጎማውን ነው። ሞተሩ ከጎማው ጋር የተገናኘው ደግሞ በሚዞር መሪና በሚጨመቅ ፎርኬታ ስለሆነ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሞተሩ ግን ዘንበል ሊል ይችላል።

ብዙ የምንለው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ ጎማ ለመፍታት ትንሽ ክሪክ ከኢንጂኑ ሥር አስገብቶ ማንሳት። መመሪያው ክሪኩን መሃል ላይ አስገቡ፣ ሚዛኑን ስታገኙ ጎማውን ፍቱ ብሎ ጨርሷል። ሚዛኑ የተገኘው ግን ጎማው እያለ ነው። 200 ኪሎ ሞተር ክሪኩ ላይ በትክክል ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ እንበል። ከነዲስኩና ከነጥርሱ 14 ኪሎ የሚመዝነውን፣ ከክሪኩ 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያለውን ጎማ አውጡ። 14 በ70 ሲባዛ 980፤ ለቀረው 186 ኪሎ ሲካፈል የክብደት ማዕከሉ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ሄዷል። የክሪኩ መቀመጫ 20 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ከመሃሉ ወደ ፊት ያለው 10 ብቻ ነው፤ ግማሹን አንድ ጎማ በላው። የፊት ጎማውና ፎርኬታው አብረው ቢወጡ ደግሞ፣ 24 ኪሎ በ75 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብንል፣ ማዕከሉ ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ያን ጊዜ ሞተሩ ክሪኩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ኪያቤ ሲሳብ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት የምትፈቱትን ነገር ቁጠሩ። የኋላው የሚፈታ ከሆነ ሞተሩ ወደ ፊት እንዳይደፋ የፊት ጎማው በሞርሳና በቺንጋ ይያዝ፤ የፊቱ የሚፈታ ከሆነ የኋላው ክፍል ከሻሲው ወደ ታች ይታሰር። የፊት ቺንጋዎቹም በዚያ ጊዜ ከመሪው ተፈትተው ሻሲው ላይ ይዙሩ፤ ልትፈቱት ያለውን ነገር ምሰሶ ማድረግ አይቻልም። ልብ በሉ፣ ሞተሩ በክሪክ ከፍ ሲል ቺንጋው ይወጠራል፣ ሲወርድ ይላላል። በእያንዳንዱ ጭማሪ ቆም ብሎ መንካት ነው።

ክሪኩ ከሥር የሚነካውን ክፍል በተመለከተ፦ ማርሚታ፣ የዘይት ማውጫ ቡሎን፣ የዘይት ፊልትሮና ስሱ የአልሙኒየም ኮፓ (የዘይት መያዣው) ክሪክ አይወዱም። ክሪኩ የሻሲውን ሁለት ቱቦዎች ይያዝ፣ በመሃል የእንጨት ጣውላ ይግባ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ ከኢንጂኑ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ጨርሶ የላቸውም። የእነዚህ ብዙዎቹ ግን ፋብሪካው የሠራላቸው የመሃል መቆሚያ አላቸው፤ ለኋላ ጎማ ሥራ ከማንኛውም ርካሽ ክሪክ ይበልጣል። ለዚህ ሲባል ሊፍት መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል፤ መመሪያው ይህን ቢጠቅስ ለብዙ አንባቢ ገንዘብ ባተረፈ ነበር።

የጎማውን አክሲዮ (የመሃል ዘንግ) ዳዶ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፍቱ የሚለውም መገልበጥ አለበት። 100 ኒውተን ሜትር የተጠበቀ ዳዶ በ40 ሴንቲ ሜትር ኪያቤ ለመፍታት ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ገደማ መጫን ይጠይቃል፤ የዛገ ከሆነ እጥፍ። ያን ጉልበት በክሪክ ላይ በቆመ ሞተር ላይ መጫን የመግፋት ያህል ነው። ዳዶው ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሳለ ሩብ ዙር ይላላ፤ የመጨረሻው ማጥበቅም ከወረደ በኋላ የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ኪያቤ (ቶርክ ኪያቤ) ይሁን።

ክሪክ ለሌለው ብሎኬት ደርድሩ የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ባዶ ሆዱ ብሎኬት የተሠራው በሞርታር ላይ በእኩል ተሰራጭቶ የሚመጣ ጭነት እንዲችል ነው። አንድ ነጥብ ላይ ሲጫን ሳይጎብጥ፣ ሳይጮህ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። 10 በ10 የሆነ ጠንካራ እንጨት፣ ሁለት ሁለቱን በመስቀለኛ ደርድራችሁ ተጠቀሙ፤ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይንጣጣል።

ካቴና ሲጸዳ ኢንጂኑ ተነስቶ በአንደኛ ማርሽ ጎማው እየዞረ ይሁን፣ በሩን ከፈት ካደረጋችሁ ጭሱ ይወጣል የሚለው ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ነው። ካቴናው ጨርቁን ወደ ጥርሱ ሲወስድ ጣትም አብሮ ይሄዳል፤ ኢንጂኑ ዝቅተኛ ዙር ላይ ቢሆንም ጣት አያቆመውም። ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ነጻ ይሁን፣ ጎማውን በአንድ እጅ ወደ ኋላ እያዞራችሁ፣ በሌላው ከታችኛው የካቴና መስመር ላይ ጥረጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከፈት ያለ በር ለእሱ መውጫ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ለማጽጃ ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ነጭ ጋዝ ይሻላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ያላችሁ ይህን በደንብ አስቡበት።

የመጨረሻው ነጥብ ዘይት ነው። የሊፍቱ ዘይት ከቀነሰ የፍሬን ዘይት ጨምሩ ይላል መመሪያው፤ ሁለቱም ሃይድሮሊክ ስለሆኑ። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ግላይኮል ናቸው፤ የሊፍቱ ፓራኦሊዮ የተሠራው ደግሞ ለማዕድን ዘይት ነው። ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል፤ ሰውዬውም ዘይት ስለጎደለ ነው ብሎ እንደገና የፍሬን ዘይት ይጨምራል። የሚገባው የክሪክ ዘይት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ አይኤስኦ 22 ወይም 32 የሚል (የዘይቱ ውፍረት ደረጃ ነው)፤ የሊፍቱ መጽሐፍ የሚያዘው ካለ እሱ ይቅደም። የሚሞላው ሊፍቱ እስከ መጨረሻው ወርዶ ነው። ተነስቶ ሳለ ከተሞላ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት ቦታ ያጣና በመሙያው ይፈሳል ወይ ሊፍቱን ሳያወርድ ያስቀረዋል። ከሞላችሁ በኋላ ባዶውን ሊፍት፣ መልቀቂያው ክፍት ሆኖ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ርገጡት፤ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል።

ሲጎድል ከማየት በፊት ግን መለኪያ አለ። ሞተሩን ጭናችሁ፣ የመቆለፊያው ብረት ገብቶ፣ ሊፍቱን ከብረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ መቀሱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ እጃችሁንም ከሥሩ አርቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብረቱ ላይ ተቀምጦ ካገኛችሁት ፓራኦሊዮው ወይም የቫልቩ መቀመጫ አልቋል።